ሰባቱ ቅርጾች ሞድ አይደሉም

ቤዝ ጊታር መማር የጀመረ ወጣት ገና ጣቱ ሳይጠነክር አንድ ወረቀት ይደርሰዋል። ወረቀቱ ላይ ሰባት ሳጥኖች ተሥለዋል፤ በየሳጥኑ ውስጥ ጣት የሚያርፍባቸው ነጥቦች፣ ከላያቸው ደግሞ ስማቸው፦ አዮኒያን፣ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን፣ ሊዲያን፣ ሚክሶሊዲያን፣ ኤኦሊያን፣ ሎክሪያን። አብሮት የሚሰጠው ትምህርት አጭር ነው፦ ሞድ ማለት ሜጀር ስኬልን ከሌላ ኖታ ላይ መጀመር ነው፤ ሰባቱን ቅርጾች በጣትህ አስገባ፣ ከዚያ በኋላ ሞድ አወቅህ። ይህን አባባል ያልሰማ ቤዝ ተጫዋች አላውቅም። አስተማሪዎች ይሉታል፣ ተማሪዎች እርስ በርስ ይቀባበሉታል፣ ልምምድ ቤት ውስጥም ክርክር እንደማያስፈልገው ነገር ይጠቀሳል። ስህተት ነው። ለማንኛውም መሣሪያ ስህተት ነው፤ በቤዝ ጊታር ላይ ሲሆን ግን የመሣሪያውን ዋና ሥራ ከተማሪው እጅ ይነጥቃል።

በመጀመሪያ የሚሉትን ከነሙሉ ክብደቱ እናስቀምጠው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ዲ ዶሪያን ውስጥ ያሉት ሰባት ኖታዎች ሲ ሜጀር ውስጥ ካሉት ሰባት ኖታዎች በአንድም አይለዩም፤ ኢ ፍሪጂያንም፣ ኤፍ ሊዲያንም እንደዚያው። ደግሞም ቤዝ ጊታር ለዚህ ዘዴ የተሠራ ይመስላል። አራቱ ክሮች፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ፣ እርስ በርስ በእኩል ርቀት የተቃኙ ስለሆኑ አንድ ቦታ ላይ የተጠና ቅርጽ ወደየትኛውም ፍሬት ቢሄድ ያው ነው፤ ጊታሪስቶች በሁለተኛው ክራቸው ላይ የሚገጥማቸው መዛነፍ እዚህ የለም። ጀማሪ ደግሞ የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል። "ጆሮህን አሠልጥን" ተብሎ ባዶ እጁን ከሚሸኝ፣ ጣቱ የሚሠራው ነገር ቢሰጠው ነገ ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉም የሚጠነክረው መከራከሪያቸው ግን በዚህ መንገድ ጀምረው ትልቅ ደረጃ የደረሱ ተጫዋቾች መኖራቸው ነው። ይህን ሁሉ አልክድም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ድምዳሜው ይፈርሳል፤ ለምን እንደሚፈርስ ላሳይ።

ከራሳችን ቅኝት እንነሳ፤ ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም። ትዝታ ማይነርን ከሲ ላይ እንያዝ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አሁን ደግሞ አምባሰልን ከጂ ላይ እንያዝ፦ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት። አምስቱም ኖታዎች ያው ናቸው። የተጨመረ የለም፣ የተቀነሰ የለም። በወረቀቱ ሕግ ከሄድን አምባሰል ማለት ትዝታ ማይነርን ከአራተኛው ኖታ ላይ መጀመር ነው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውንም አውቋል ማለት ነው። ወሎ ሄዶ ይህን የሚናገር ሰው ማን ያምነዋል? ኖታ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ አድማጭ እንኳ ሁለቱን ዜማዎች ገና ከመግቢያቸው ይለያቸዋል። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ ናቸው። ከሲ የተነሳው ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ከኤ የተነሳው ባቲ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። አምስቱ ኖታዎች እነዚያው ሆነው ስሜታቸው ግን ለየቅል ነው።

ልዩነቱ ታዲያ ከየት መጣ? ኖታዎቹ ውስጥ የለም፤ ያው ናቸውና። የሚመጣው ዜማው ከሚያርፍበት ቦታ፣ ደጋግሞ ከሚመለስበት ኖታ፣ ነክቶት ከሚያልፈው፣ ረግጦት ከሚቆምበት ነው። ቤት የሚሆነው ኖታ ሲለወጥ የቀሩት አራቱ ሁሉ ከእርሱ ጋር ያላቸው ዝምድና ይለወጣል። በሲ ቤት ኤ ፍላት ከላይ ሩቅ ቆሞ የሚያዝን ኖታ ነው፤ በጂ ቤት ያው ኤ ፍላት ከቤቱ ደጃፍ ላይ፣ በግማሽ ድምፅ ርቀት ተጠግቶ የሚጫን ኖታ ይሆናል። ሞድ የሚባለው ይህ ዝምድና ነው። ወረቀቱ ደግሞ ዝምድናውን ትቶ የኖታዎቹን ስም ዝርዝር ብቻ ያስጠናል።

ምዕራባውያኑም ቢሆኑ ሞድን በኖታ ዝርዝር ብቻ ለይተው አያውቁም ነበር። ሄንሪኩስ ግላሬያኑስ እ.ኤ.አ. በ1547 "ዶዴካኮርዶን" በተባለው መጽሐፉ የሞዶቹን ቁጥር ከስምንት ወደ 12 ባሳደገ ጊዜም የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሞዱ የሚታወቀው በሚያርፍበት የመጨረሻ ኖታና በሚንቀሳቀስበት የድምፅ ክልል ነበር። የእኛም የዜማ ተማሪ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ከመሪጌታው አፍ ሰምቶ፣ ደግሞ፣ ተገሥጾ ነው የሚለያቸው። ክራር መቺም ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሊሻገር ሲል ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ጆሮው ካልረካ ዘፈኑን አይጀምርም። መሣሪያው ራሱ እንዲሰማ ያስገድደዋል። ቤዝ ጊታር ይህን ግዴታ አይጥልብንም፤ ክሮቹ ለሁሉም ቅኝት ያው ናቸው። የመስማቱ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በተጫዋቹ ላይ የሚወድቀውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤዙ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሲ፣ ኢ እና ጂን አንድ ላይ ይዞ እንዲቆይ ጠይቁት። ጣቱን እንዳያነሳ። እናንተ ከሥር ሲን ስትመቱ የሚሰማው ሲ ሜጀር ነው፤ ደማቅ፣ የረጋ። ሲን ትታችሁ ኤን ምቱ፤ የኪቦርዱ ጣት ሳይንቀሳቀስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ማይነር ሆነ። ኤፍ ላይ ውረዱ፤ ያው ሦስት ኖታ ሰፍቶና ተንሳፍፎ ይሰማል። ዲ ላይ ሂዱ፤ አሁን ደግሞ ተንጠልጥሎ መፍትሔ የሚጠብቅ ኮርድ ሆነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ምንም አልሠራም። ሁሉንም የሠራው ቤዙ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ የሚመዝነው ከታችኛው ድምፅ ተነስቶ ነውና፣ ባንዱ ውስጥ ቤቱ የት እንደሆነ የሚወስነው ሰው ቤዝ ተጫዋቹ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሰው "ሞድ ማለት ሜጀር ስኬልን ከሌላ ቦታ መጀመር ነው" ብሎ ማስተማር ምን ማለት ነው? ሶሎ የሚጫወት ሳክስፎኒስት በዚህ ሐሳብ ቢመራ ቢያንስ ከሥሩ ቤቱን የሚጠብቅለት ሌላ ሰው አለ። ሲ ሜጀር ብሎ እያሰበ ቢጫወትም ቤዙ ዲ ላይ እስከቆመ ድረስ አድማጩ ዶሪያን ይሰማል። ቤዝ ተጫዋቹስ? እርሱም ሲ ሜጀር ብሎ ካሰበ፣ ጣቱም በልማድ ወደ ሲ እና ወደ ጂ ካዘነበለ፣ ዶሪያን የሚባለው ነገር ከክፍሉ ወጥቶ ይሄዳል። እርሱን የሚያርመው ከሥሩ ያለ ሰው የለም።

ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው "ካይንድ ኦፍ ብሉ" አልበም ላይ ያለውን "ሶ ዋት" ስሙ። በሞድ የተሠራ ሙዚቃ ሲነሳ በዓለም ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ሥራ ይህ ነው፤ ዋናውን ዜማ የሚናገረውም ቤዝ ነው፤ ፖል ቻምበርስ በትልቁ ቤዝ ይጠይቃል፣ ፒያኖውና ነፋሾቹ በሁለት ኮርድ ይመልሱለታል። ቅርጹ 32 ባር ነው፦ 16 ባር ዲ ዶሪያን፣ 8 ባር በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ኢ ፍላት ዶሪያን፣ እንደገና 8 ባር ዲ ዶሪያን። ከአንዱ ዙር መጨረሻ ወደ ቀጣዩ ዙር ሲሻገር ቤዙ በተከታታይ 24 ባር ዲ ዶሪያን ላይ ይቆያል። በየምቱ አንድ ኖታ ሲራመድ 96 ኖታ ማለት ነው። ሰባቱን ቅርጾች የያዘ ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ ቢቆም ምን ይጫወታል? የዶሪያኑን ሳጥን ወጥቶ ይወርዳል። በአራተኛው ባር ያልቅበታል። ቻምበርስ ግን ዲን ሳይለቅ፣ አንዴ ከሥር፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴም ከጎን እየቀረበ፣ የሞዱ ባልሆኑ መሸጋገሪያ ኖታዎች ጭምር እየተጠቀመ፣ አድማጩ ቤቱን አንድ ጊዜም እንዳይጠፋው ያደርጋል።

መሐል ላይ ያለውን 8 ባር ደግሞ በወረቀቱ ቋንቋ እንግለጸው፦ ከሲ ሜጀር ወደ ዲ ፍላት ሜጀር ተሻገርን። ይህን የሰማ ሰው አለ? በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ሲ ሜጀርም ዲ ፍላት ሜጀርም ተሰምተው አያውቁም። የሚሰማው ያው ቀለም፣ ያው ዶሪያን፣ በግማሽ ድምፅ ሲነሳና ሲመለስ ነው። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ስለሙዚቃው ግን ምንም ያልነገረን መሆኑ ከዚህ በላይ የሚጎላበት ቦታ የለም።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ይህኛው በእኛ ሙዚቃ ላይ የከፋ ነው። የሳጥኑ ቅርጽ ሁልጊዜ ሰባት ኖታ አለው፤ ጣትም ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ክፍተት ሳይተው መሄድን ይለምዳል። የትዝታ ውበት ደግሞ ያለው ክፍተቱ ላይ ነው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ ብሎ ወደ ጂ ይዘላል፤ ጂ፣ ኤ ብሎ ወደ ሲ ይዘላል። ኤፍ እና ቢ እዚያ የሉም። ቅርጽ የለመደ ጣት ከኢ ወደ ጂ ሲሄድ ግን ኤፍን ሳይነካ ማለፍ ያቅተዋል፤ ከኤ ወደ ሲ ሲወጣ ቢን ይረግጣል። በየሆቴሉና በየግብዣው ላይ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? ዘፋኟ በትዝታ እያንጎራጎረች ነው፤ ማሲንቆው አብሯት ነው፤ ቤዙ ብቻ ከሥር አዮኒያን ይጫወታል። ማንም "ተሳስተሃል" አይለውም፤ ኖታዎቹ ከዘፈኑ ቁልፍ አልወጡምና። ትዝታው ግን ተበላሽቷል። እንዲህ ያለው ቤዝ እውነት ያሳዝነኛል፤ ልጁ የሰነፈ አይደለም፣ የተማረውን በትክክል እየሠራ ነው፣ የተማረው ነገር ነው የበደለው።

የተቃራኒው ወገን ዘመድ የሆነ ሌላ አባባልም አለ፤ "ቤዝ ተጫዋች ሞድ ምን ያደርግለታል? ሩትና አምስተኛውን ይያዝ፣ ይበቃዋል" የሚል። ሰባት ሳጥን ማስጠናት የሰለቸው አስተማሪ ወደዚህ ያዘነብላል። ለእነዚህ ሰዎች የማቀርበው አንድ ቃል ነው፦ አንቺሆዬ። ከሲ ሲነሳ፣ በፒያኖ ኖታ ከተጻፈ፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ የለም። በዓለም ላይ ያለ ቤዝ ተጫዋች ሁሉ ሳያስብ የሚሄድባት፣ ከሩቱ ቀጥሎ ባለው ክር ላይ ሁለት ፍሬት ከፍ ብላ የምትገኘው "አስተማማኝ" ኖታ በዚህ ቅኝት ውስጥ ቦታ የላትም። ጂ ፍላትን በጂ የተካ ሰው የአንቺሆዬን ሹልነት ገደለው። እዚህ ላይ መቆሚያ የሚሆነው ሩቱና አራተኛው፣ ሲ እና ኤፍ፣ ነው። ይህን የሚያውቀው ቅኝቱን የሰማ ቤዝ ተጫዋች ብቻ ነው፤ ሩትና አምስተኛ ያዥም፣ ሰባት ሳጥን ያዥም አያውቀውም። ሁለቱ የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ለጣት መልስ ሰጥተው ጆሮን ከጥያቄው ያስወጡታል።

"ቅርጹ መጀመሪያ ብቻ ነው፣ ጆሮው በኋላ ይመጣል" የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በኋላ መቼ? ሀ ሁ ሂ ብሎ በቃሉ ያወረደ ልጅ ገና ደብዳቤ አልጻፈም፤ ከዚያ ተነስቶ የሚጽፈው ግን ፊደሉን በቅደም ተከተል መጥራቱን ሲተው ነው። ሳጥን ያጠና ጣት ቅደም ተከተሉን አይተውም። ከሩቱ ይነሳል፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ኦክታቩ ላይ ይደርሳል፣ ይመለሳል። ይህ ልማድ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሲደጋገም ከአንድ ዓመት በኋላ ተማሪው ያለው ነገር ፈጣን እጅ እንጂ ቤዝ መስመር አይደለም። የምትጠራጠሩ ካላችሁ ሰባቱን ቅርጾች በሚገባ የሚያውቅ ተማሪ ፊት ለፊት አስቀምጡ፤ ጀርባውን ያዙርና አንድ ጊዜ ዶሪያን፣ አንድ ጊዜ ኤኦሊያን ተጫወቱለት። የቱ የቱ እንደሆነ ይንገራችሁ። ብዙዎቹ ይገምታሉ። ስሙን ያውቃሉ፣ ቦታውን ያውቃሉ፣ ድምፁን አያውቁትም። ድምፁን የማያውቁትን ነገር አወቁት ማለት በምን ቋንቋ ይቻላል?

በዚህ መንገድ ጀምረው ትልቅ የሆኑትስ? አሉ። ግን ትልቅ ያደረጋቸው ወረቀቱ መሆኑን በምን አወቅን? እነዚያው ሰዎች ከካሴትና ከሸክላ ላይ መስመር በመስመር እየሰሙ ለዓመታት ተቀምጠዋል፤ በመድረክ ላይ ከዘፋኝ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ቆመዋል። ሲያስተምሩ ግን በወረቀት ሊሰጥ የሚችለውን ብቻ ይሰጣሉ፤ የቀረው፣ ማለትም ዋናው፣ አይወራም። ተማሪው በእጁ የደረሰችውን ክፍል ሙሉ መንገዱ ናት ብሎ ይይዛታል። የሮሃ ባንድን ቅጂዎች አንስታችሁ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ለይታችሁ ስሙ። ሳጥን ወጥቶ የሚወርድ እጅ ታገኛላችሁ? ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር የገጠመው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ አምስት ኖታ ያለው ቅኝት ከ12ቱ ኖታ ሃርመኒ ጋር ሲገናኝ ጠባዩን ሳያጣ እንዴት ይኖራል የሚል። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በሳጥን ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ኢትዮ ጃዝ ባላስፈለገ ነበር።

የሚጨበጥ ነገር ለጀማሪ ያስፈልጋል የሚለውን ግን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ስለዚህ የሚጨበጥ ነገር ላቅርብ። የኤ ክርን ሳትይዙ ክፍቱን ምቱና ይጩህ። በዲ ክር ላይ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ያለው ኤ ቤታችሁ ነው። ከእርሱ ርቃችሁ አትሂዱ፤ ሁለትና ሦስት ኖታ ብቻ ተጫወቱ፣ ተመለሱ፣ ክፍቱን ክር ደግማችሁ ምቱ። አሁን ኤ ማይነርን ይዛችሁ ስድስተኛውን ኖታ ፈልጉ፤ በጂ ክር ላይ ሁለት ቦታ አለው። አሥረኛው ፍሬት ላይ ኤፍ ነው፤ ድምፁ ወደ ታች ይከብዳል፣ ኤኦሊያን ነው። 11ኛው ፍሬት ላይ ኤፍ ሻርፕ ነው፤ ያው ማይነር ድንገት መስኮት እንደተከፈተለት ክፍል ይበራል፣ ዶሪያን ነው። የአንድ ፍሬት ልዩነት። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ክፍቱን ኤ እየመታችሁ ቆዩ፤ ጣታችሁ ሳይሆን ሆዳችሁ እስኪለየው ድረስ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ኖታ ሂዱ፤ በዲ ክር ስምንተኛው ፍሬት ላይ ያለው ቢ ፍላት ከክፍቱ ኤ ጋር ሲጋጭ የሚሰማችሁ ያ ጭነት ፍሪጂያን ነው፤ አምባሰልን የሚያውቅ ጆሮ ይህን ጭነት ወዲያው ያስታውሰዋል።

በዚህ መንገድ አንድ ሞድ ለመማር ምናልባት ወር ይፈጃል፤ በወረቀቱ ሰባቱም በሳምንት ያልቃሉ። ልዩነቱ፣ በወሩ መጨረሻ የተማራችሁትን ሞድ ማንም ሲጫወተው ስሙን ታውቃላችሁ፣ ባንዱ ውስጥ ሲያስፈልግ ቤቱን ትሠሩለታላችሁ፣ ሌላው ሰው ሲያፈርሰውም ትሰማላችሁ። አንድ ሞድ በዚህ መልኩ የሚያውቅ ቤዝ ተጫዋች ሰባት ሳጥን ከሚያውቀው ይበልጣል። እኔ የራሴን ባንድ ባቋቁም የምወስደው የመጀመሪያውን ነው።

አስተማሪዎች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ያንን ወረቀት ከመጀመሪያው ትምህርት ላይ አንሱት። ተማሪው ድምፁን ለይቶ በስሙ መጥራት ከጀመረ በኋላ፣ እጁን ለማፍጠን ቢፈልገው ስጡት፤ ያኔ አይጎዳውም። የመጀመሪያው ቀን ግን አንድ ክፍት ክርና ሁለት ፍሬት ይበቃል፤ ከዚያ ዝም በሉና ይስማ።